በአባባ ትከሻ የተለካ ኮት

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ ለዮናታን ሀብተሥላሴ፤
ጆሃንስበርግ

ዮኒዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጀመረህ ሳል ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ እያፈንከው ነው በስልክ የምታወራን? ሥራው እንዴት ይዞሃል? ሱቅህ ያለበት ሰፈርስ ሰላም ነው? ሙሽራችን ቤዚስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ናፍቆቱ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዘንድሮ ብሶብናል። ማዕድ ሲቀርብ እማማ አሁንም ያንተን ቦታ ክፍት ትተዋለች፤ ታናሽህ ኢሳይያስ ሊቀመጥበት ጠጋ ሲል ታፈጥበታለች። ልጁ እንግዳ የሆነ ይመስል በገዛ ቤቱ ዳር ዳሩን ይቀመጣል።

ይህን የምጽፍልህ ከሠርግ ኮትህ ጋር አብሮ እንዲሄድ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ እማማ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ትነጥቀኛለች፤ ደግሞም ሳላለቅስ የምጨርሰው ነገር አይደለም። ጨርቁን ከአንተ ዘንድ ያመጣልን ጓደኛህ ፍቃዱ ነገ ከዋጫ መጥቶ የተሰፋውን ይወስድልሃል። አደራ ብዬዋለሁ፤ አንተም እንደደረሰ ተቀበለው።

ጨርቁን የፈታሁት ዕለት በጣም ነበር የተናደድኩብህ። ዕድሜዬን በሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ለኖርኩ ሴት ሐር ይላካል? እዚያ ልብስ ሰፊ የጠፋ ይመስል! ብዬ ለእማማ አማሁህ። እሷ ግን ዘመድ በሌለበት አገር ሲሞሸር ገላው ላይ የሚያርፈው እንኳ ከቤቱ ይሁን ብሎ ነው ስትለኝ ጨርቁን መልሼ ዘረጋሁት። ጥቁር ሰማያዊው ደግሞ እንዴት ያምራል! መብራት ሲያርፍበት እንደ ውሃ ይላል። ቤዚ ከመረጠችው ዓይን አላት፤ አንተ ከመረጥከው ግን አላምንም።

ሥራው አሳሬን አብልቶኛል። ሐር ከመቀሱ ሥር ይሸሻል። ጠረጴዛው ላይ የእማማን ጋቢ አንጥፌ ነው አደብ ያስያዝኩት። የመርፌ ቀዳዳው ስለማይጠፋ ተሳስቶ መፍታት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌ አንሶላ ቆርጬ ሙሉውን ኮት ሰፋሁበት። ግቢው ደግሞ በዚህ ሰሞን ቡና ተሰጥቶበታል። ልጄ ማዕረግ በቡና በቀላ እጇ እንዳትነካብኝ በሩን ዘግቼ ነበር የምውለው።

የአንሶላውን ኮት ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፍቃዱ ለክቶህ ያመጣልኝ ልክ ሁለቱን ትከሻዎችህን እኩል ያደርጋቸዋል። ያንተ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ እንደሚል እኔ አላውቅም? ከልጅነትህ ጀምሮ የቦርሳህ ማንገቻ በዚያ በኩል እየወረደ ስንት ጊዜ አስተካክዬልሃለሁ። እኩል አድርጌ ብቆርጠው ኮቱ ይጣመምና ፊቱ አልገጥም ይላል። ስንት እንደሚወርድ ለማወቅ ደግሞ የሚቆምልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ኢሳይያስ ትከሻው የእማማ ነው፤ እንደ በር ቀጥ ያለ። ያንተ ትከሻ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አባባ ናቸው።

አባባ ስምህን እንደማያነሱ፣ ስትደውልም ተነስተው ወደ ጓሮ እንደሚወጡ ታውቃለህ። መሄድህ አይደለም ያስከፋቸው። የዩኒቨርሲቲ ምረቃህን ሲጠብቁ ከአገር መውጣትህን ከሺሺንዳ ገበያ የመጣ ሰው ነገራቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ አየሁት ብሎ። ልጄን ሳልመርቀው ሄደ፣ ከእሱ ስንብት የሰው ወሬ ቀደመኝ ነው የሚሉት። ይህንኑ እያወቅሁ ፈራ ተባ እያልኩ ለልኬት ይቁሙልኝ አልኳቸው። እኔ የማንም ኮት መስቀያ አይደለሁም አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ፣ ትከሻውን ሰፋ አድርጌ ቆርጬ በእጄ ብቻ ያያዝኩትን ሐር አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ሁላችንም ቡናውን ሸራ ልናለብስ ሮጥን፤ አባባም በስብሰው ገቡ። እሳት ዳር ይቀመጣሉ ስንል ወደ ጓዳ ገብተው ደረቅ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። እጃቸውንም በሳሙና ታጥበዋል። ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሙና፣ እስቲ አምጪው፣ ቶሎ በይ ደግሞ፣ አሉኝ።

ያን ጊዜ ያንኑ ላላ አድርጌ ያያዝኩትን ሐር ከሣጥን አውጥቼ አለበስኳቸው። ዮኒ፣ ቁጭ አንተን! ግራው ትከሻ ጣቴ ሥር እንዳንተው ዝቅ አለ። አፌ በስፒል ተሞልቶ ስለነበር መናገር አልቻልኩም እንጂ ስምህን ልጠራ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሳልጠይቃቸው፣ እሱ ሲቆም ቀኝ እግሩ ላይ ነው የሚደገፈው አሉና ልክ እንዳንተ ቆሙልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስምህን የማያነሱ ሰው አቋቋምህን አልረሱም። እማማ ድስቱ አረረ ብላ ወጣች፤ ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር።

ጨርሼ ላወልቅላቸው ስል ቆዪ አሉኝ። የሠርጉ ቀን መቼ ነው ሲሉኝ ለጥር ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ወደ ግራው ትከሻ ዘንበል አድርገው ኮቱን ይመርቁት ጀመር። ልጄ፣ የወጣህበት ይቅናህ፤ ትዳርህ ይጽና፤ ውለድ ክበድ፤ ለአገርህ አፈር ያብቃህ አሉ። ሲጨርሱም የሕፃን አናት እንደሚመርቅ ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ አሉበት። እኔና ከውጭ የተመለሰችው እማማም አሜን አልን።

በማግሥቱ መስኮት ዳር ይዤ ሳየው የምራቃቸው ጠብታ ደርቆ ምልክት ጥሎበታል። ሐር ውሃ የነካውን አይደብቅም። አባባም አይተውት አበላሸሁት እንዴ ብለው ደነገጡ። ሙሉውን ባጥበው ይለቅ ነበር፤ ሌላ ትከሻ የሚወጣው ጨርቅም ተርፎኛል። አላጠብኩትም፤ አልቀየርኩትምም። እንደዚያው አድርጌ ሰፍቼ ገበሩን አልብሼዋለሁ። ቤዚ ምንድን ነው ብትልህ እንዴት እንደሆነ ንገራት፤ አደራህን ግን ለማጠቢያ ቤት እንዳትሰጠው።

እማማ አገላብጣ ትስምሃለች፤ ሳሉን በማር አስታግሰው ብላለች። ኢሳይያስ እንደምን ነህ ይልሃል፤ የተረፈውን ሐር ለክራባት ለምኖኝ ሰጥቼዋለሁ። ማዕረግ ኮቱን አልነካሁም በይልኝ ብላለች። ጎረቤታችን እትዬ ኮከብም ሙሽራዋን ሳምልኝ ብለዋል። አባባ ሰላም በይልኝ አላሉኝም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውል ነው ያሉኝ። ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ስልኩ የሚውለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።

እህትህ በላይነሽ ሀብተሥላሴ
ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.