ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ያነሱት እትዬ ደውሉ

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን ነሐሴ 11 ቀን ከባቡር ጣቢያ መጋዘን ጠባቂው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ሁለተኛው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ወንድማቸው ነው። ሦስተኛዋ ታናሽ እህታቸው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ቀድማቸዋለች። ቤታቸው ከጣቢያው ጀርባ ስለነበር ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ጮክ ብሎ ማውራት የለመደው እዚያ ነው። እሳቸው ግን አይጮኹም ነበር። ባቡሩ እስኪያልፍ ጠብቀው ያንኑ ነገር እንደገና ይሉታል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ስለነበር የክፍሉን ስም ዝርዝር የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያም አንድ ዓመት የጽሕፈት መኪናና የቢሮ ሥራ ተምረው፣ በሃያ ዓመታቸው በክልሉ ምክር ቤት በአንድ ተመራጭ ጽሕፈት ቤት ስልክ ተቀባይ ሆነው ተቀጠሩ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አራት ተመራጮች ተፈራረቁ፤ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍልና የእሳቸው ወንበር ግን አልተለወጡም።

ሥራቸው ምን እንደነበር ከዚህ ጉባኤ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ይነገር። አንድ ሕግ ለውሳኔ ሲቀርብ ሕዝቡ እየደወለ ሐሳቡን ይናገራል። እሳቸው ስልኩን ያነሳሉ፣ በተሰመረ ወረቀት ላይ «ድጋፍ»፣ «ተቃውሞ»፣ «ሌላ» በሚሉት ሦስት ዓምዶች ጭረት ያደርጋሉ። ተመራጩ ወደ ስብሰባ ከመግባታቸው በፊት ድምሩ ተጽፎ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣል። ተመራጩም ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ድምር ብቻ አይተው ይገባሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሞላው «ሌላ» የሚለው ነበር፤ የአንድ መድኃኒት ቤት ስልክ ከጽሕፈት ቤቱ ስልክ የሚለየው በአንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ እህታችን ስለ ሕግ ከሰሙት ይልቅ ስለ ሳል ሽሮፕ የሰሙት ይበልጣል። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ለብቻው ይቆጠራል፣ ይነበባልም። ተባዝቶ የመጣ ደብዳቤ ግን መቶም ይሁን ሺህ በላስቲክ ይታሰርና «አንድ» ተብሎ ይመዘገባል።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ቀልደኛ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ቤት ገብተው ስልክ ሲጮህ ዞር ብለው ስለማያዩት፣ «እኔም ካንቺ ጋር ለመነጋገር ቢሮ ልደውል እንዴ?» ይሏቸው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት በፍቅር ኖረው በሞት ተለያዩ። ልጅ አልወለዱም።

ታናሽ እህታቸው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በሰዓት የምትቀጠር ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። በሰዓት የሚሠራ ሰው ሁለት ቀን ከቀረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ሳንባዋን ታማ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ትኩሳቷን ደብቃ ወለል ስትወለውል ሰነበተች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ወደቀች፤ አልተነሣችም። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ትታ ሄደች። ልጅቱን ወስደው ያሳደጉት እህታችን ናቸው።

ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ለሰዓት ሠራተኞች የሰባት ቀን የሕመም ፈቃድ የሚሰጥ፣ ታመው የቀሩ ከሥራቸው እንዳይባረሩ የሚከለክል ሕግ ለምክር ቤቱ ሊቀርብ ነበር። እህታችን በልቅሶው ላይ ቤቱን ለሞላው ሕዝብ አንድ በአንድ ይህንኑ ነገሩ። «ለእሷ የምታለቅሱ ከሆነ መጋቢት ላይ ደውሉ» አሉ። ያልማለ አልነበረም። «እንዴታ! ምን ጥያቄ አለው!» ያለው ሁሉ እንባውን ጠርጎ ሄደ።

መጋቢት መጣ። የዚያ ሳምንት ወረቀት ድምር ይህ ነበር፤ ተቃውሞ አሥራ ዘጠኝ፣ ድጋፍ ሁለት፣ ሌላ አርባ አንድ። ከተቃወሙት አብዛኞቹ የመጦሪያ ቤቶችና የጽዳት ድርጅቶች ባለቤቶች ናቸው፤ እነሱ ስልክ መደወል ያውቃሉ። ከሁለቱ ደጋፊዎች አንዷ የታናሽ እህታቸው የሥራ ባልደረባ ስትሆን፣ ሌላው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። በልቅሶው ላይ ከነበረው ሕዝብ የደወለ አልነበረም። ይህን ማንም ለእህታችን አልነገራቸውም፤ ስልኩን የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ። የጽሕፈት ቤቱ ደንብ የራሳቸውን ጭረት እንዲያደርጉ አይፈቅድም። ወረቀቱን ደምረው በራሳቸው እጅ በተመራጩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ተመራጩ ግርጌውን አዩ፤ ገብተው ተቃወሙ። ሕጉ ወደቀ።

በቀጣዩ ሰኞ እህታችን ሥራቸውን ለቀቁ። አርባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሃያ ሁለት ዓመት ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ አቃፊ በብብታቸው ሸጉጠው አሳለፉት። በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በፀጉር ቤት፣ በክሊኒክ ወረፋ የቆመውን ሰው ሁሉ «ለተመራጭህ ደውለሃል? ጽፈሃል?» ይሉ ነበር። «እትዬ ደውሉ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው። ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው ወደ ማዶ የሚሻገሩ ነበሩ፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «የእኔ አንድ ስልክ ምን ይለውጣል?» ለሚላቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «እኔን ጠይቀኝ ልጄ፤ ስልኩ ዝም ብሎ ሲውል አጠገቡ ተቀምጬ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሕጉ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ቀረበ። እዚህ ላይ «ወንድማቸው» እያልኩ መደበቅ አልፈልግም፤ እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ጊዜ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ አልደወልኩም። በሁለተኛው ልካሳቸው ፈለግሁ። ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፤ አንድ የሚያምር ደብዳቤ አዘጋጅቼ በጥሩ ወረቀት ሦስት መቶ ቅጂ አተምኩ። የሠፈሩን ሰው አስፈረምኩ፤ ሰውም እፎይ ብሎ ፈረመ፤ በራሱ ሊጽፍ ቀጠሮ የሰጣቸው ሁሉ «ለወንድምዎ ፈርሜያለሁ እኮ» አላቸው። እሳቸው ሲሰሙ ደብዳቤው ገብቷል። ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥተው ከማተሚያው መኪና አጠገብ ቆሙ፤ ሠራተኛው ሁሉ ይሰማል።

«ሦስት መቶ ሰው ነበረኝ» አሉ። «አንድ አደረግከው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ላግዝዎት…» ስል መኪናው መሥራት ጀመረ። እስኪቆም ጠበቁና ያንኑ ደገሙልኝ። ሕጉ በሦስት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ስምንት ወር አላነጋገሩኝም፤ ቀጥሎ የበዓል ስጦታ ብለው አንድ እስክሪብቶ ላኩልኝ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው መድከም ጀመረ። ሐኪም እረፍት አዘዘላቸው፤ ወይ ፍንክች። ሕጉ ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚቀርብ የሰሙት ሆስፒታል ተኝተው ነው። በተኙበት ክፍል ከነበሩት ስድስት ሕመምተኞች ሦስቱን አስጻፉ። መርፌ የምትወጋቸው ነርስ «እሺ እናቴ፣ ነገ እጽፋለሁ» ስትላቸው፣ «አይ፣ አሁን፣ እያየሁሽ» ብለው ክንዳቸውን ሰበሰቡ። ልጅቱ ቆማ ጻፈች። ለስድስት ሳምንት ሲታገሉ ቆይተው ባለፈው ዓርብ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከኋላቸው አንድ ወንድምና ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ ትተዋል። ልጅቱ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሷም በአንድ ሆስፒታል በሰዓት የምትቀጠር ጽዳት ሠራተኛ ናት። እንደ እናት ያሳደጓትን ሴት ለመቅበር የተፈቀደላት ሦስት ሰዓት ነው። ከሳምንት በላይ እያሳላት ነው፤ አንድ ቀን አልቀረችም። ይህ ጽሑፍ ተነቦ ሲያልቅ ሰዓቷ ስለሚሞላ ቀብሩ ላይ ሳትደርስ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ስትወጣ ባታስቆሟት ቤተሰቡ ያመሰግናል።

የአሁኑ ተመራጭ ጽሕፈት ቤት የአበባ ጉንጉን ልኳል። ካርዱ የታተመ ነው፤ በእጅ የተሞላው የሟች ስም ብቻ ነው።

ሕጉ የሚቀርበው ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። በእጃችሁ ያለው መርሐ ግብር የመጨረሻ ገጽ ባዶ የተሰመረ መሆኑ የማተሚያ ስህተት አይደለም፤ አራት መቶ ቅጂ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ገጽ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። በር ላይ እስክሪብቶ አለ። ከአጠገባችሁ ካለው ሰው እንዳትገለብጡ። ቤቱ ዛሬም እንደ ያኔው ሞልቷል፤ ስለዚህ ብዙ አልጠብቅም። ነገር ግን ከቀብር ስንመለስ እጄን ይዛችሁ «ምን ይደረግ» እንዳትሉኝ። የሚደረገውን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነግረዋችኋል።

አምላክ የእህታችንን ነፍስ የሚጠሩትን ሁሉ ከሚሰማበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለእኛ ለቀረነው ጽናቱንም፣ እፍረቱንም ይስጠን።