በክኒን የጣፈጠ አጥሚት

ማክሰኞ

ዛሬም የለም። ልጅቷ ካካ ካለች ሁለት ቀን ሆናት። እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ ትጮኻለች፤ ከዚያ ደክሟት ትተኛለች፤ ከዚያ እኛ አንተኛም። ገና ክርስትና እንኳ አልተነሣችም።

በእረፍት ሰዓት ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። እናት በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ የምትወስደው የስኳር ምትክ ለልጁ ይተላለፋል፣ የአንጀቱን ጥቃቅን ነዋሪዎች ያዛባል፣ ለአንጎሉም ሳይተርፍ አይቀርም ይላል። የተሞከረው በአይጥ ነው። በአይጥ መሆኑ እስከ ምሳ ድረስ አጽናናኝ።

የስኳር ምትኩን ክኒን እዚህ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ የዝና እርጉዝ ሳለች ጤና ጣቢያ «ስኳርሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጣፋጭ ቀንሺ» አሏት። እሷ ልትቀንስ ተዘጋጅታ ነበር። አንባቢው እኔ ነኝ። ግማሹን ዓመት በሚጾም አገር ተወልጄ «ቀንሺ» የሚለውን «በሌላ ተኪ» ብዬ ተረጎምኩት። መጀመሪያ ለሻዩ፣ ቀጥሎ ለአብሹ፣ ከወለደች ወዲህ ደግሞ ለአጥሚቱ። ማር ከልክያለሁ። አማቴ ከአምበር ድረስ ተሸክመው ያመጡትን ማር!

ረቡዕ

የክኒኑን ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። የዝና ስትጠይቀኝ «አልቋል» አልኳት። ግማሹ አለ። ስራመድ ይንቃጨላል።

አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ደስ አላቸው፤ ማሩ አጥሚቱ ውስጥ ገባ። ድል ቀንቷቸው ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ ጣታቸው ጫፍ ላይ ለጋ ቅቤ ይዘዋል።

«ቅቤ አይሰጣትም» አልኩ።

«ለምን ሲሉ ነው፣ መምህር?» አማቴ አንቱ ይሉኛል። ሲናደዱ አንቱታው ይበዛል። «የሕፃን ሆድ በቅቤ ነው የሚላላ!»

«መጽሐፍ ይከለክላል።»

«እንግዲያስ መጽሐፍዎ ያላላላት!»

ቅቤውን ፀጉራቸው ላይ ጠረጉት። እኔ እግሬ ሥር ያለውን ቦርሳ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት።

ሐሙስ

ልጅቷን ፈተንኳት። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ቁልፍ አንቃጨልኩ፤ ዞረች። በግራ አንቃጨልኩ፤ አልዞረችም። ላብ አጠመቀኝ። ለካ በቀኝ በኩል የተቀመጠችው እናቷ ናት።

ለአምፖሉ ትስቃለች። ለእኔ አትስቅም። አእምሮዋ ደህና ሳይሆን አይቀርም።

ለባዮሎጂው መምህር ለጌታነህ ነገርኩት።

«አይጦቹ ምን ያህል ነው የወሰዱት?»

አላየሁም።

«ሰው ላይስ?»

ገና አልተረጋገጠም ይላል።

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ? የማጠባት እኔ ነኝ? ሂድና ለሚስትህ ንገራት!»

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ነገሩ ካለፈ በኋላ መናገር ነው የለመድኩት።

ዓርብ

አልነገርኳትም። አፌን ስከፍት አማቴ ገቡ፤ እሳቸው ሲወጡ ልጅቷ ተኛች፤ ከዚያ የእኔም ወኔ አብሯት ተኛ።

እራት ላይ የዝና ሽሮውን ገፋ አደረገችው። ሰኞ ጎመን አቆመች፣ ረቡዕ ምስር፣ ትናንት በርበሬ። «ምን በልቼ ይሆን፣ እማ? የሚያማት እኮ የእኔ ምግብ ነው» አለች። ደረቅ ዳቦ በሻይ ዋጠች። የምታጠባ ሴት።

እኔ እዚያው ተቀምጬ ሽሮውን ጨረስኩት።

ቅዳሜ

ነገርኳት። ጽሑፉን አነበብኩላት፣ ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ነገሩ የአይጥ መሆኑን ሁለት ጊዜ አስታወስኳት። ስለ አይጦቹ ምንም አልጠየቀችኝም።

«በርበሬውን ሳቆም ይህን ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ምስሩንስ?»

«አዎ።»

ተነሥታ ድስቱን ከፈተች። ግንባሯን እስኪያልባት ድረስ ቀይ ወጥ በላች። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የሚነገረው ሁሉ በእናቷ በኩል ነው። «እማ፣ ያንን ውኃ እንዲያቀብለኝ ንገሪልኝ።» ውኃው እጄ ላይ ነው። እማማም መልእክቱን ያደርሳሉ፤ አንቱታ ጨምረው።

እሁድ

አስቀደስኩ። ከራሴ ሐሳብ በቀር የሰማሁት የለም። እቤት ልጅቷ ጮኸች፤ የዝና ጎመን በላች።

ሰኞ

የክትባት ቀን። በአንድ ባጃጅ ሄድን፤ አማቴ መሃላችን ተቀመጡ።

ነርሷ መዘነቻት፤ ጨምራለች። ሆዷን ዳሰሰችው፤ ለስላሳ ነው። «ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ እንዲህ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ካልተነፋችና ካላስመለሳት አትጨነቁ። አንቺ ግን ብዪ!»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ክኒኑ ጠየቅኳት። ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«እኔ እንጃ፣ መምህር። ጎድቷታል ልልዎት አልችልም። አልጎዳትም ብዬም አልምልም። ይተዉት፤ ጣፋጩንም ራሱን ቀንሱ።»

ያው መጀመሪያ የተባለው ነው። ለመስማት ስንት ወር ፈጀብኝ።

ስንመለስ ልጅቷ ጭኔ ላይ ነበረች። ፊቷ ቀላ፣ ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ የሳምንቱን ሁሉ ባንዴ አወረደችው። ከሱሪዬ አልፎ ጫማዬ ደረሰ። ሹፌሩ ባጃጁን ዳር አስያዘ። አማቴ እልል አሉ፤ መንገደኛው ሰርግ መሰለው።

ስለ አንጎሏ የማውቀው ነገር የለም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገብታ ድምር ስትሳሳት ያ ብልቃጥ ትዝ ሊለኝ ነው፤ እኔም በልጅነቴ ድምር አልችልም ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ነው።

የዝና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መጀመሪያ አልለየሁም።

«ስንገባ ራስህ ነህ የምታጥበው» አለችኝ።

አማቴ አሁንም መሃላችን ነበሩ። ቃሏ ግን በእሳቸው በኩል አልመጣም።