ሰዒድ «ዊዝደም» ብሎ የተረጎመው ቃል

ውዴ ሰዒድ፣

አላህ ቀብርህን ያብራልህ፣ ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን ገባ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን ባሕር ዛፍ ብቻ ቀበሌው ለስብሰባ አዳራሽ ብሎ አስቆረጠው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቼ ክር እቀጥላለሁ፤ አንተ ከደሴ ትወርድበት የነበረውን የሐረጎን ቁልቁለት ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ እወርዳለሁ። ልጃችን ሐያት ሰባተኛ ክፍል ገብታለች።

በቀደም ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማ፣ በእንግሊዝኛ ዊዝደም ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ጥበብ ነው አልኳት። «እንደ ጥበብ ቀሚስ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያ ቃል ቤታችን ምን ይዞ እንደ መጣ ያኔ አታውቅም ነበር።

ለተማሪዎችህ ስታስተምረው ትዝ ይለኛል። «የሐረጎ ሹፌር ፍሬን አያያዝ ማወቁ ዕውቀት ነው፤ መቼ ይዞ መቼ እንደሚለቅ ማስተዋሉ ግን ዊዝደም ነው» ትላቸው ነበር። ቃሉ በብዙ ቁጥር አይነገርም፣ አይቆጠርምና ትላቸውም ነበር። እንግሊዞች የሰው ሥራ አልዋጥላቸው ሲል ሞኝነት ነው አይሉም፣ «ጥበቡን እጠራጠራለሁ» ይላሉ ብለህም አስቀኸኛል።

በድርቁ ጊዜ እንግሊዝኛ የምትችሉትን መምህራን ለማስተርጎም ኮምቦልቻ መጠለያ ላኳችሁ። አንተ የደረስከው አንዲት ፈረንጅ ነርስ ዘንድ ነበር። የልጆቹን ክንድ በጥብጣብ እየለካች፣ ወተቱ ያድናቸዋል ያለቻቸውን ታስገባለች፤ ያለቀላቸውን ትመልሳለች። አንድ ቀን ከቆላ የመጣች እናት ሁለት ልጆች ይዛ ቀረበች። ወንዱ ገባ፤ ሴቷ ተመለሰች። እናትየዋ አላለቀሰችም አልከኝ። «እስቲ ጠይቃት፤ ይችን ጥላ ያን ለማንሳት ሒክማውን ማን ሰጣት?» አለችህ። ሒክማውን «ዊዝደም» ብለህ ተረጎምክላት። ነርሷ ጥብጣቡን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣ «ዊዝደም የለኝም። ያለኝ ትንሽ ወተት ነው» አለች።

ያንን ወደ አማርኛ መመለስ አቃተህ። በእሱ ፈንታ እናትየዋን፣ «ልጅሽን እኔ ልውሰዳት» አልካት።

እሷ ከወንዱ ጋር ቀረች፤ ከሰዓት በኋላ ልጅቷን በጋቢህ ጠቅልለህ ቤት መጣህ። በር ላይ ቆሜ ከለከልኩህ።

«ተስቦ ይዟታል፤ እቤት ሐያት አለች» አልኩህ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ለምን አመጣሃት?»

«ጦይባ፣ ማወቁማ ምን ያደርግልኛል?» አልከኝ።

ሐያትን እህቴ ዘንድ ላክኋትና በሩን ለቀቅኩልህ። ልጅቷ የሰጠሃትን ሁሉ ትመልሰው ነበር። ጣትህን እንደ ያዘች ሞተች። ገላዋን እኔ አጠብኩ። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ አንተንም ጥሎ ወሰደህ።

ለቅሶ የመጡት «የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይሞኛል» ሲሉ ሰማሁ። ነርሷም መጥታ እጄን ይዛ ብዙ ተናገረች። የምትተረጉምልን ግን አንተ ነበርክ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ጥበቡን እኔም እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። አንዳንድ ቀን ሐያት ያለ አባት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትበላ አያለሁና እቆጣሃለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ያቺ ልጅ ብቻዋን አልሞተችም እላለሁ። ሁለቱም አይለቁኝም። ሰሞኑን ለሐያት ሁሉንም ነገርኳት። ዊዝደም ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም፤ አላውቀውማ።

ሐዘኑ ሲነሳ እናትየዋን ላረዳት ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። እሷንና ወንዱን ልጅ ለሰፈራ ጭነው ወደ ምዕራብ ወስደዋቸዋል። የት እንደ ደረሱ የሚነግረኝ አጣሁ። ምናልባት ዛሬም፣ ልጄ ደሴ መምህሩ ቤት እያደገች ነው ብላ ታስብ ይሆናል።

ያንተና የልጅቷ መቃብር ጎን ለጎን ነው። ጁምዓ ጁምዓ እመጣለሁ። ስሟን እናቷ ለአንተ፣ አንተ ለእኔ ነገርከኝ፤ ከእኔና ከሐያት ሌላ በዚህ አገር የሚያውቀው የለም። ከዲጃ። ዱዓ ሳደርግ ካንተ አስከትዬ እጠራታለሁ። በሕይወት እስካለሁ አንዳችሁንም አልዘልም።

ጦይባ