ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ካላየን አሉ

ማክሰኞ፣ ማርች 10፣ ጠዋት

የጋዜጣ የወሬ ዓምዴ ለነገ መድረስ አለበት። ከፋሲካ በኋላ ስለሚደገሱት ሰርጎች ነው፤ የማን ቬሎ፣ የማን አዳራሽ፣ ታውቂኛለሽ ደብተሬ። ግማሹ ላይ እህቴ ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ኮል አደረገችኝ። ታለቅሳለች። የልጇ የሜሮን ራቁት ፎቶ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። ፊቱ የሜሮን፣ ገላው የኤአይ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። የማናውቀው ሰው የሌለበት ግሩፕ ላይ! የለጠፈው አካውንት ስም የለውም። ገምተናል ግን፦ እዚህ ሜሪላንድ፣ ዊተን የሚኖረው ቢኒያም። ለትዳር ጠይቋት እምቢ ያለችው።

ሰርጉ ገደል ይግባ።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ከቤቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ እህቴ ቤት ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ብቻዬን ስሳደብ። ሜሮንን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ። መርማሪዋ ደግ ሴት ናት። በቨርጂኒያ ሕግ በኮምፒውተር የተሠራም ቢሆን ወንጀል ነው አለችን። ደስ ሊለኝ ሲል "ግን" መጣ። እሱ መሆኑን፣ ደግሞም እሷን ለማሸማቀቅ ብሎ ማድረጉን ማሳየት ያስፈልጋል። ግምት አይበቃም። እሱ ሜሪላንድ ቢኖርስ? አልኳት። ፎቶው እዚህም ስለደረሰ እዚህ መክሰስ ይቻላል አለች።

ሜሮን መኪና ውስጥ ስንመለስ፦ የምሠራበት ፋርማሲ መስኮት ላይ አበሻ በመጣ ቁጥር አይቶኝ ይሆን እያልኩ መድኃኒት እሰጣለሁ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 14፣ ከሰዓት

እህቴ ቤት ሽማግሌ ተላከ! የጾም ኬክ ይዘው። መሪያቸው አቶ ጌታቸው፣ የኔንና የባሌን ጠብ ስንቴ ያበረዱት። ቢኒያም ተጸጽቷል፣ ይቅር በሉት አሉ። ከዚያ አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ፎቶውን ካላየን የጥፋቱን ልክ በምን እናውቃለን አለ። ደብተሬ፣ ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል!

"ምኑን ነው የምታዩት? ልጅቷ እዚሁ ተቀምጣለች፤ ፊቷን እዩ!" አልኩ።

አቶ ጌታቸው ሊያበርዱ፦ "ተይ እንጂ ልጄ። ልጁ አልካደም። እምቢ ስላለችው ተናዶ፣ ሰው ፊት ትፈር ብሎ ነው የሠራው። በራሱ አንደበት ነግሮኛል።"

ለእርቁ ብለው ነው፤ አጥፊው ካላመነ እርቅ የለም። እኔ ግን የመርማሪዋ "ግን" ትዝ አለኝ። ሜሮንም ቀና ብላ አየችኝ።

አቶ ጌታቸው ሲወጡ በር ላይ እጄን ያዙ። ሽምግልና ላይ የተባለ ከቤት አይወጣም፤ አንቺ ደግሞ ወሬ ትወጃለሽ፣ አደራ አሉኝ። ሳቁ። አልሳቅኩም።

እሁድ፣ ማርች 15

ቤ/ክ አልሄድኩም። ባሌ፣ ትዳራችንን ያተረፉ ሰው ፍ/ቤት ልታቆሚ ነው? ይላል። እውነቱን ነው፤ እወዳቸዋለሁ። ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ምስጢሩን ይነግረኛል? እንጀራዬም እሱ ነው። ግን ለቢኒያም አደራ ሲጠበቅለት ለሜሮን ማን ጠበቀላት? እህቴ እንኳ ይቅር ብንል ይሻላል ማለት ጀምራለች። ሜሮን ቴክስት አደረገችልኝ፦ አክስቴ፣ ሰምተሻል አይደል?

ሰማሁ እንጂ! ጆሮ አለኝ።

ሰኞ፣ ማርች 16፣ ጠዋት

ለአቶ ጌታቸው ደወልኩ፤ ከሌላ ሰው አይስሙት ብዬ። የነገሩንን ለመርማሪዋ ልናገር ነው፤ ቢጠሩዎት እውነቱን ይናገሩ። "አሳፈርሽኝ" አሉኝ። አፈር ስሆን ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ምን አጠፋሁና? ሜሮን ታች መኪና ውስጥ ትጠብቀኛለች። እህቴ ከኋላ ተቀምጣለች፤ መጣች! ቃሌን ሰጥቼ ስመለስ እጽፍልሻለሁ፣ አሁን ጫማዬን ላድርግ።