ማኅበርተኛው ደመና

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 24 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ፣ ሂሳብ ይቆጥርብሃል» እያልሽ ስለምትዘጊብኝ በወረቀት መጣሁብሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ማፈሩን ግን አፍሬያለሁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ አዲስ አበባ ለአየር ጠባይ ሥልጠና ስሄድ ያቺን የዝናብ መለኪያ ጓሮሽ ተክዬልሽ አልነበር? ምን ትሠራልሃለች ብትዪኝ፣ እንጀራዬ ናት እማ፣ ጠብቂልኝ አልኩሽ። የእርሻ ባለሙያዋ ጎረቤትሽ ጥሩብርሃን ጧት ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እየለካች ቁጥሩን ትልክልኝ ነበር። አንቺ ደግሞ በኅዳር ከወደቅሽ ወዲህ ያንን ቁልቁለት ወርደሽ ማርያም ጠበል ላትሄጂ ምለሽልኝ ነበር። ምለሽልኝ ነበር እኮ!

መንገዱንማ ብታዪው! ደጀን ላይ አሥራ ስምንት ያለው ቴርሞሜትሬ ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ሠላሳ አለ። ወደ ቆላ ሲወርዱ ሙቀት ይጨምራል እያልኩ ሃያ ዓመት ለተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ያን ቀን በላቤ ተማርኩት። ጎኔ የተቀመጡ እናት ቴርሞሜትሩን ደጋግሜ ሳየው አይተው፣ ልጄ ትኩሳት አለብህ እንዴ ብለው አዘኑልኝ። ሥልጠናው ላይ ደግሞ ቁጥርን ሳትመረምሩ አትመኑ ሲሉን ከረሙ። እኔ መች ሰማሁ!

ከትናንት በስቲያ እዚሁ ማርቆስ በመለኪያዋ ቁጥር የሠራሁትን ጥናቴን አቀረብኩ። አገሩ ሁሉ በደረቀበት በጋ፣ የእኛዋ ሮብ ገበያ ላይ ግን በወር አንድ ቀን አራት ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ ይኸ የቾቄ ተራራ የራሱ ዝናብ ነው ብዬ አንገቴን አቀናሁ። የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ፣ ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት፣ ማርች ሠላሳ፣ ኤፕሪል ሃያ ዘጠኝ። አቶ ቢተው የሚባሉ አንጋፋ የሜትሮሎጂ ባለሙያ በጣታቸው ቆጠር ቆጠር አደረጉና፣ መምህር፣ ይኸ ሁሉ እኮ በእኛ ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ደመናው የማርያም ማኅበርተኛ ነው እንዴ አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ትዪ የለ? ጠበሉን ቀድተሽ ስትመለሺ አንድ አንድ ሲኒ ለእኔ መለኪያ ታፈሺላት ኖሯል። ውሃው የሰማይ አይደለም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ ጥናቴን ሰበሰብኩ። አንቺን አላነሳሁም።

አልዋሽሽም፣ ተናድጄብሽ ነበር። የአምስት ወር ልፋቴ ገደል ገባ! ደግሞ በዚያ ጉልበት፣ መሐላ አፍርሰሽ! ዛሬ ጧት ግን ንዴቱ ሲበርድልኝ፣ ጥሩብርሃን የላከችልኝን የዚህን ወር ቁጥር ከፈትኩ። ግንቦት ሃያ አንድ፣ ዜሮ።

እማ፣ በደብረ ምጥማቅ ቀን? አንቺ? ጉልበትሽ ታስሮ እንኳ ማርያምን አስታጉለሽ አታውቂም። ወዲያው ለጥሩብርሃን ደወልኩላት። እትዬ ደህና ናቸው፣ ጉንፋን ቢጤ ነው አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። አስምለሻታል መሰለኝ። እሷ እንዳንቺ መሐላ ማፍረስ አትችልበትም።

ፈራሁ፣ እማ። ጥናቱም ይቅር፣ የሚስቁብኝም ይሳቁ፤ አንዲት ሲኒ ውሃ ብቻ መለኪያዋ ላይ ባገኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ይህን ደብዳቤ ገዳሙ በሚባለው በሮብ ገበያ መኪና ረዳት እጅ ልልከው ነበር። ትቼዋለሁ። እኔው አብሬው ተሳፍሬ መጥቼ አነብልሻለሁ። ቤት ከመግባቴ በፊት ቁልቁለቱን ወርጄ ጠበሉን እቀዳልሻለሁ። አንቺ ብቻ ጠብቂኝ።

የምትጠሪያት እመቤት እኔ እስክደርስ ራስጌሽ ትቁምልሽ።

እንጀራውን የባረክሽለት ልጅሽ