የግራው ረድፍ ጭብጨባ

ለእናንዬ፣ ለሶስና እናት፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ባለፈው እሁድ የሙት ዓመትሽን ተዝካር አወጣን። ቄሶቹ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ፣ እናትሽ ከወገዳ መጡ፣ ጎረቤቱም አልቀረም። እንግዳው ሲበተን ቤቱ ጭር አለብኝ። በቃልማ በየቀኑ አወራሽ የለ፤ ዛሬ ግን ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

ሶስና ትምህርት ቤት ገባች። የፊት ጥርሷ ወልቆ የገዛ ስሟን መጥራት ያቅታታል። ፀጉሯን እህቴ ናት የምትሠራት። እኔም አንድ ቀን ሞክሬ ነበር፤ መስታወት አየችና «አባዬ፣ ተወው በቃ» አለችኝ። ቀሚሶችሽን እናትሽ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡልኝ። የዘፈን መቅረጫ ስቱዲዮውን መስቀል እስኪያልፍ ዘግቼው ከረምሁ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ አብረን የለጠፍነው ስፖንጅ በክረምቱ እርጥበት ከአንድ ጥጉ ተላቅቋል። ስልክ እየጠገንሁ ነው ቤቱን የያዝሁት። ሰው ሰርግ አለብን እያለ ይመጣ ነበር፤ መልሼ ሰደድሁት።

ከመጋባታችን በፊት፣ ከወገዳ ሴቶች ጋር ልትቀረጪ መካነ ኢየሱስ የመጣሽ ዕለት ትዝ ይለኛል። ሥራዬን አሰማሁሽ። ሌሎቹ አሞገሱኝ፤ አንቺ ግን «ዘፈንህ እንደታሰረ በቅሎ አንድ ቦታ ቆሟል» አልሽኝ። ተቀየምሁ። ቀጥለሽም በእናንተ አገር ሰርግ ሴቶቹ ዳሱ ውስጥ በሁለት ረድፍ ትይዩ ቆመው፣ ጭብጨባውን አንዱ ረድፍ ለሌላው እንደሚያቀብል፣ ሙሽራዋም መካከል ተቀምጣ ዘፈኑ ከወዲህ ወዲያ ሲመላለስባት እንደምትሰማ አስረዳሽኝ። ያን ቀን እኔ ስለ ጭብጨባው ሳይሆን ስላንቺ ነበር የማስበው።

ከተጋባን በኋላም አልተውሽኝም። የምቀዳበት ፕሮግራም ውስጥ አውቶ ፓን የሚሉት ኢፌክት አለ፤ ድምፁን ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በራሱ የሚያመላልስ ነው። መጀመሪያ ፍጥነቱን በግምት ሰጠሁት። ጭብጨባው ከከበሮው ጋር ተላለፈ፤ ከበሮው እዚህ፣ እሱ እዚያ። አንቺ ሄድፎኑን አውልቀሽ «አዞረኝ» ብለሽ ወደ ውጭ ወጣሽ። ስጎረጉር ከርሜ ፍጥነቱን ከዘፈኑ ምት ጋር ማሰር እንደሚቻል ደረስሁበት። ከበሮው ሲፈጥን አብሮ ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ሁለት ምት በግራ፣ ሁለት ምት በቀኝ አድርጌ አሰማሁሽ። ዓይንሽን ጨፈንሽ። ትከሻሽ ሳታዢው ተነሣ። «አሁን ዳስ ውስጥ ገባሁ» አልሽ። ከዚያ ወዲህ ከአርብ ገበያ ሳይቀር ሰው እየመጣ የእኛን የሰርግ ዘፈን ይጠይቅ ጀመር።

ሶስና ሙሽራ ባየች ቁጥር የኔስ ዘፈን እያለች ስታስቸግርሽ፣ ለሷም ግጥም ሠራሽላት። ቀልድ ነበር፤ ስታድግ ትሰማዋለች ብለን ነው የጀመርነው። አንድ ጠዋት እየቀዳን ሳለ አቆምሽና «የግራው ረድፍ የት ሄደ?» አልሽኝ። የሄድፎኑ ገመድ መስሎኝ ለወጥሁት። አሁንም የለም አልሽ። ሄድፎኑን ገልብጬ የግራውን ወደ ቀኝ ጆሮሽ አዞርሁት። የግራው ረድፍ ተመለሰ፣ የቀኙ ጠፋ። ተያየን። ቀድመሽ የሳቅሽው አንቺ ነሽ፤ «እንግዲያ የተበላሸው የኔ ጆሮ ነው» ብለሽ።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ሄድን። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። ሐኪሙ የጭንቅላትሽን ፎቶ አይቶ ከጆሮሽ በስተጀርባ፣ አንጎልሽ ሥር እጢ እንዳለ ነገረን። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገልሽ። ሁሉን ማውጣት አልተቻለም አሉኝ፤ ይህን ለአንቺ እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ፣ አንቺ ፊቴን አይተሽ «አውቄዋለሁ፣ አትድከም» አልሽኝ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግድግዳ ሳትይዢ መራመድ አልቻልሽም።

ሻል ያለሽ ቀን የሶስናን ዘፈን እንጨርስ አልሽ። ሁለቱም ረድፍ እንዲሰማሽ ድምፁን በቀኝ በኩል ብቻ ላድርግልሽ አልሁ። እምቢ አልሽ። «ሶስና ሁለት ጆሮ አላት» አልሽኝ። በርጩማ ላይ ተቀመጥሽ፤ እኔን ከኋላሽ አቆምሽኝ። ጭብጨባው በግራ ሲሆን ግራ ትከሻሽን፣ በቀኝ ሲሆን ቀኝ ትከሻሽን በእጄ እንድመታልሽ አዘዝሽኝ። ያ ትከሻ መዳፌ ሥር አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር። ምቱን የሳትሁት እኔ ነኝ፤ አልቅሼ። አንቺ ወደ ኋላ ሳትዞሪ «አትልቀቅብኝ» አልሽ። እንደገና ያዝሁ። እስከ መጨረሻው ዘፈንሽው። ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ አረፍሽ።

እናንዬ፣ ያን ዘፈን ዓመቱን ሙሉ አልከፈትሁትም። ሰኞ ዕለት ግን እናትሽ ወደ ወገዳ ከመመለሳቸው በፊት «ድምጿን አሰማኝ» አሉኝ። እምቢ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ። እሳቸውን ወንበር ላይ፣ ሶስናን አጠገባቸው አስቀምጬ ከፈትሁት። መግቢያውን ሳልቆርጠው ቀርቼ ኖሮ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር ንግግርሽ መጣ። «ቆይ፣ ሶስና በልታለች?» ትያለሽ። ይህን ማለትሽን አላስታውስም ነበር።

ሶስና ወደ ስፒከሩ ቀና ብላ «በልቻለሁ፣ እማዬ» አለች።

እናትሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ቸኩዬ አጠፋሁት። ልጅሽ ግን አላለቀሰችም፤ ተቆጣችኝ። «ለምን ዘጋኸው? እየጠየቀችኝ እኮ ነው» አለች። ከመጀመሪያው መልሼ ከፈትሁት። አሁንም ጠየቅሻት፤ አሁንም መለሰችልሽ። ከዚያ ዘፈኑ ገባ፤ ሦስታችንም እስኪያልቅ ሰማነው።

ሥራዬ ነውና የማያስፈልገውን መቁረጥ ለምጃለሁ። ይህን ግን አልቆርጠውም፤ ኢፌክትም አልጨምርበትም። እግዜር ብሎ ልጃችን ሙሽራ ስትሆን ከነጥያቄሽ ትሰማዋለች። እሷ ትንሽ ናት፣ መልክሽ ሊደበዝዝባት ይችላል፤ እኔ ግን እንዴት እንደምትስቂ፣ እንዴት እንደምትቆጪ፣ ምን እንደምትወጂ እየነገርኋት አሳድጋታለሁ። በሕይወት እስካለሁ ይህ ቤት ያላንቺ ስም አይውልም።

ዛሬ ጠዋትም በልታለች። ፊቷን ታጥባ፣ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ሄዳለች። አታስቢ።

የሶስና አባት