ለጊዜው ዝም እንዲል ስላዘዙት መዝገብ

ለክቡር ኢንጂነር ውብሸት
የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ
ዶሃ፣ ኖቬምበር 2016

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎም የቢሮዎ ኤሲም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ። ሻይ ከማቅረብ ወደ ሶፍትዌር ፈታሽነት ያለፍኩት እርስዎ አትመው የሚጥሏቸውን ወረቀቶች ከቅርጫት እየለቀምኩ በማንበብ ነውና፣ አስቀድሜ ስለ ቆሻሻዎ አመሰግናለሁ።

፩. ባለፈው ወር እንግዶች አውቶማቲክ ሙከራችንን ሊያዩ ሲመጡ፣ ማስጠንቀቂያ የሞላበት ስክሪን እንዳያሳፍርዎ ብለው፣ ፕሮግራሙ የሚሠራውን የሚጽፍበት ሎግ ከከባድ ስህተት በቀር ምንም እንዳይመዘግብ ለጊዜው አዘዙ። ወደ ነበረበት የሚመልሰውን ትእዛዝ ግን ሙከራው መጨረሻ ላይ ስላስቀመጡት፣ ሙከራው መሐል ላይ ሲወድቅ ሳይደረስበት ቀረ። ሙከራው ቢወድቅም የመመለሻው ትእዛዝ መፈጸም እንዳለበት አስቀድሜ ነግሬዎት ነበር፤ «ሻዩን አምጪ፣ ኸላስ፣ በቃ» ስላሉኝ ቴክኒካዊ ማብራሪያ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. ሌላ ማሽን ላለመግዛት ሙከራውን ፕሮግራማችን በአል ዱሃይል ሰፈር የቪላዎቹን የግቢ በር በሚያዝበት ማሽን ላይ አስኬዱት። የእውነተኛው በር ሎግም ዘጠኝ ቀን አፉን ዘጋ።

፫. በስድስተኛው ቀን በሩ ያለ ካርድ ብቻውን ተከፈተ። ጥበቃው ቢምረው ግን ለሌባ ከፍቷል ተባለ። ቢምረው በደብተሩ ላይ «በሩ ብቻውን ተከፈተ፤ ዘጋሁት፤ ለቢሮ ደወልኩ» ብሎ በአማርኛ ጽፎ ነበር። ከተሰበሰቡት አለቆች መካከል አማርኛ የሚያነቡት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ገጹን አንብበው ደብተሩን ከደኑና «ሲስተሙ ምንም አልመዘገበም» አሉ። እውነት ተናግረዋል፤ እንዳይመዘግብ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ቢምረው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ተሰርዞ እሑድ ወደ አገሩ ሊሳፈር ነው።

ትናንት ያንኑ ፕሮግራም በተለየ ማሽን ላይ፣ ሎጉ ሁሉንም እንዲጽፍ አድርጌ ሃያ ጊዜ አስኬድኩት። በስክሪኑ ላይ ያለው የሙከራ በር ሦስት ጊዜ ብቻውን ተከፈተ፤ ሎጉም ሦስቱንም ጻፈ። የምለምንዎት አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ከእሑድ በፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ይጻፉ። ከዚህ የበዛ ድካም ከእርስዎ አልጠብቅም።

ለእርስዎ ያላትን አክብሮት ለጊዜው ወደ መጨረሻው ደረጃ ያወረደች፣ የሚመልሰውንም ትእዛዝ ሆን ብላ ያልጻፈች፣

ታዛዥዎ ቤርሳቤህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮዱን ማን፣ መቼ እንደቀየረው የሚይዘውን መዝገብ ዝም ማሰኘት ረስተዋል። ስምዎ ያለበትን ያንን ገጽ ከቢምረው ደብተር ትርጉም ጋር አያይዤ ዛሬ ጠዋት ለቪላዎቹ አስተዳደር ልኬዋለሁ። ስለዚህ የጠየቅኩዎት መስመር ከእንግዲህ የምትጠቅመው እርስዎን ነው።